ለጋሼ ዳኛ ያልደረሰ ምስጋና

ጋሼ ዳኛ ካረፉ አርባቸው አለፈ። ቤተሰቦቻቸው ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ፒያሳና አራት ኪሎ በሚያውቃቸው ስም እጠራቸዋለሁ። ችሎት ትተው ጥብቅና ከያዙ ብዙ ዘመን ቢያልፍም «ጠበቃው» ብሎ የሚጠራቸው ሰው አልገጠመኝም።

እሳቸው ዘንድ የደረስነው በየቢሮው ተንገላትተን ነው። ክርክሩ አራዳ ባለችው በእናቴ ቤት ላይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለአያቴ የቀረችው ያቺ ብቻ ናት። አያቴ ለእናቴ ተናዘዙላት፤ ዘመዶቻችን ደግሞ ኑዛዜው አይጸናም ብለው ከሰሱን። የመጀመሪያው ጠበቃችን ክፍያውን በሙሉ አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ ስልክ ማንሣት አቆመ። በቀጠሮው ቀንም ሳይቀርብ ቀርቶ ጉዳዩ በሌለንበት እንዲታይ ታዘዘ። ሁለተኛው ይባስ። ልጇ በሚሆን ዕድሜው እናቴን «አንቺ» እያለ፣ «ተረቱን ተይውና ሰነዱን አምጪ» አላት። እናቴ በዚያ ቀን እስከ ቤት ድረስ አልተናገረችም። ሁለቱንም ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም።

የጋሼ ዳኛ ቢሮ ያኔ ፒያሳ፣ የእንጨት ደረጃው ሲረግጡት የሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ ስትገባ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጠረጴዛቸው ላይ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፤ አልገለጡትም። እስክሪብቶ አንሥተው «እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አሏት። ዳኛ ሳሉ የምስክር ቃል በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እናቴ ስለ ዝናቡም ስለ ቡናውም ስታወራ አላቋረጧትም። ጨርሳ ዝም ስትል የጻፉትን ከላይ ጀምረው ጮክ ብለው ያነቡላት ጀመር። በየመሀሉ «እንዲህ ነው ያሉት? ያላሉትን ጽፌ እንደሆነ ያርሙኝ» ይላሉ።

አንድ ቦታ ላይ እናቴ እጇን አነሣች። «የለም ጌታዬ፣ አራተኛው ምስክር ደጅ ነበር አላልኩም። ኑዛዜው ሲነበብ አልጋው ሥር፣ ከአባቴ እግር አጠገብ ነው የተቀመጡት።» ጋሼ ዳኛ ሰርዘው እንደገና ጻፉ። «ይህችን ነበር የምፈልጋት» አሉ። አራቱ ምስክሮች ኑዛዜው ሲነበብ መገኘት ነበረባቸው ለካ! አውቀው አሳስተውላት ይሁን በእርግጥ ተሳስተው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እናቴ ግን ማንበብ ሳትችል የገዛ ነገሯን በገዛ ቃሏ ሰምታ፣ ስንወጣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ችሎት ውስጥ የሆነውን ብዙውን አልተረዳሁትም። አንቀጽ ይጠቀሳል፣ መቃወሚያ ይነሣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። በሌለንበት የተሰጠው ትእዛዝ ተነሣ፤ ኑዛዜው ጸና፤ ቤቷም የእናቴ ሆነች። ስለ ክፍያ ስንጠይቃቸው ለፋይል መክፈቻና ለፎቶ ኮፒ ያወጡትን ብቻ ተቀበሉን። የጥብቅና ደንቡ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ እንዲያገለግል ያዝ ነበር፤ እሳቸው ሰዓት ሲቆጥሩ ግን ያየ የለም።

ቀብራቸው ላይ ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዘመድ መስለውኝ አጽናናኋቸው። «ዘመድ አይደለሁም፤ ዳኛ ሳሉ ፈርደውብኛል» አሉኝ። ደንግጬ ሳያቸው «ተረትቻለሁ። ግን ያልኩትን ሁሉ ጽፈውልኛል፣ አንብበውልኛል» ብለው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ነፍስ ይማር፣ ጋሼ ዳኛ። እግዚአብሔር በአጸደ ገነት ያኑርልን።

እኔ ይህን የምጽፈው ለሐዘን ብቻ አይደለም። እሳቸው ኮትኩተው ያሳደጓት ጠበቃ ሥራውን ቀጥላለች። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቢሮው ወደ አራት ኪሎ ተዛውሯል። ባለፈው የጎረቤታችንን የኪራይ ክርክር ይዘን ሄድን፤ እሷም ጻፈች፣ እሷም አነበበች፣ እሷም «ያርሙኝ» አለች። የውርስም ሆነ የቤት ጉዳይ ያለባችሁ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሷን አማክሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን አማክሩ! አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ጠዋት ችሎት ላይ ስለምትሆን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የሰነዱን ዋናውን ያዙ። ነገሩን የሚያውቁ አዛውንት ቤት ውስጥ ካሉም ደግፋችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ አሳንሰር አለው።