ብር ሳትሰጠን ከዕዳ ላወጣችን እህታችን

እንደምን ዋላችሁ የጅማ ልጆች፣ እዚህም ያላችሁ፣ ውጭም ያላችሁ። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ግን ሊጥ እና ምጣድ ጊዜ አይሰጡም። ዛሬ መብራት ጠፍቷል፤ እስኪመጣ ድረስ ስልኬ ባትሪ ሳይጨርስብኝ ልጻፈው።

ማመስገን የምፈልገው አንዲት ሴትን ነው። ስሟን አልጽፍም። «ስሜን ከጠራሽ ተጣላን» ብላኛለች፣ እሷን ደግሞ መጣላት አልፈልግም። ሄርማታ መርካቶ እና አካባቢው ያላችሁ ግን ማን እንደሆነች ወዲያው ይገባችኋል። የሴቶች ራስ አገዝ ቡድን የምታደራጀዋ ናት። በድርጅቱ ወረቀት ላይ «አመቻች» ይላታል፤ እኛ እህታችን ነው የምንላት። ደመወዟን የሚከፍላት በእርዳታ ብር የሚሠራ ድርጅት ነው። ብሩ ከየት ተነስቶ በማን በኩል እንደሚመጣ፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚሄድ አስረድታን ነበር። ግማሹ አልገባኝም፣ ግማሹን ረስቼዋለሁ። የገባኝን ልንገራችሁ።

እኔ እንጀራ ጋግሬ የማስረክብ ሴት ነኝ። ደንበኞቼ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ናቸው። ተማሪ ካለ እኔም አለሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ ተብሎ ትምህርት ሲዘጋ፣ ተማሪው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ገባ። ምግብ ቤቶቹም ዘጉ። ሆድ ግን አይዘጋም፣ የቤት ኪራይም አይዘጋም። ባለቤቴ ታሞ ከቤት ከዋለ ቆይቷል። ምን አማራጭ ነበረኝ? አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄድኩ።

አራጣን ያላየ አይወቀው። ለመቶ ብር በወር አስር ብር። ቴሌቪዥናችንን በመያዣ ወሰደ። ወለዱን እከፍላለሁ፣ ዋናው ግን እንዳለ ቁጭ ብሏል። ተማሪ ተመልሶ ገበያው ሲነሳ እንኳ ገቢው ለሱ ሆነ። ሌሊት ተነስቼ ስጋግር ለሱ፣ ማታ ብር ስቆጥር ለሱ። ሰውየው ሰላምታው እንዴት ደግ እንደሆነ ብታዩ! «እንዴት ነሽ እናቴ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ይልና እጁን ይዘረጋል።

እርዳታ የሚባል ነገር አልደረሰሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ደርሶኛል እንጂ! እሱን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ሰፈራችን መጥቶ መዘገበን። አዳራሽ ተሰበሰብን። ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ታደለ፣ የታሸገ ውሃ እና ብስኩት ቀረበ። ከሩቅ የመጣ ሰውዬ ስለ ሥራ ፈጠራ በፕሮጀክተር አሳየን። ከተቀመጥነው ውስጥ ስንቱ ማንበብ እንደማይችል አልጠየቀም። አፋን ኦሮሞ እንጂ አማርኛ የማይሰሙ እናቶች ከፊቱ ቁጭ ብለው፣ እሱ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለ ያወርደዋል። ሲያበቃ ዶሮ ታደልን። ዶሮዋን ታቅፋችሁ ፈገግ በሉ ተባልንና ፎቶ ተነሳን። ክትባት የለ፣ መኖ የለ፣ በኋላ መጥቶ «ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» ያለ የለ። ፈንግል ገባና ሰፈሩን ጠረገው። የኔዋ ቀድማ ሄደች። ፎቶዬ ግን ይኸው አንድ ቦታ ላይ ዶሮ ታቅፎ እየሳቀ ይሆናል።

ሌላው የባሰ ነበር። የስፌት መኪና ይሰጣችኋል ተብለን መታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የቀበሌ ደብዳቤ እያሉ አመላለሱን። ለባጃጅ ያወጣነው ብር ራሱ ግማሽ መኪና ይገዛ ነበር። በመጨረሻ ቢሮው ስንደርስ «ፕሮጀክቱ አልቋል» አሉን። ጎረቤቴ ንዴት አነቃትና «እኛም አልቀናል በሏቸው ለላኳችሁ» አለቻቸው። ያን ቀን ዳግመኛ ስሜን ለማንም አላስመዘግብም አልኩ።

እህታችን የመጣችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። «አካም ጅርቱ» ብላ በአፋን ኦሮሞ ጀመረች፣ ከዚያ ያንኑ በአማርኛ ደገመችው። አንዷ «ምን ትሰጪናለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ምንም» አለች። እንደ ቀልድ አይደለም፣ ረጋ ብላ ነው ያለችው። ግማሹ ሰው ብድግ ብሎ ሄደ። እኔ የቀረሁት ዝናብ ይዞኝ ነው፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ የማንሞላ ሴቶች በየሳምንቱ እንሰበሰባለን። ሁላችንም እኩል እንቆጥባለን፤ መጠኑን የወሰንነው እኛው ነን፣ ከመካከላችን በጣም የቸገራት የምትችለውን ተመልክተን። ብሩ ሲጠራቀም እርስ በርስ እንበዳደራለን። ወለዱ ትንሽ ናት፣ እሷም የትም አትሄድም፣ እዚያው ሳጥናችን ውስጥ ትገባለች። ሰብሳቢነቱ በተራ ነው። ያረፈደች ትቀጣለች። ለሐዘን እና ለሕመም የምናስቀምጠው ለብቻው ነው። ዕቁብ አይደለም ወይ ላላችሁ፣ ዕቁብ ዕጣ እስኪወጣልሽ ትጠብቂያለሽ፤ ልጅሽ ግን በዕጣ ተራ አይታመምም። ደግሞ ዕቁብ ውስጥ ማንም «ይህን ብር ምን ልታደርጊበት ነው?» ብሎ አይጠይቅሽም። እዚህ ትጠየቂያለሽ፣ ያውም በሁሉም ፊት።

መንገዱ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 አዳማ ላይ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል በአምስት ቡድን የተጀመረ ነው ብላናለች። እኛ ቡድን ውስጥ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አለች፤ ማንም ከማን እንደሆንሽ የሚጠይቅሽ የለም፣ ቁጠባሽን ብቻ።

አሁን ለመጻፍ ያስነሳኝን ልንገራችሁ።

እኔ ሁሌ «እንጀራዬ ይሸጣል፣ ብሩ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም» እል ነበር። አንድ ቀን ከስብሰባ በኋላ እህታችን ቤቴ መጣች። ሰፌድ አምጪ አለችኝ። ጥሬ ቡና አለሽ? አለች። ጅማ ቡና የሌለበት ቤት የለም። አፈሰችና ሰፌዱ ላይ ከመረችው። «አንዷን ፍሬ አስር ብር እንበላት። ይህ በቀን የምታስገቢው ነው። አሁን ጤፉን ውሰጂ» አለችኝ። ለጤፉ የሚሆነውን ቆጥሬ ወደ አንድ ዳር ገፋሁ። ለወፍጮ ገፋሁ። ለማገዶ ገፋሁ። «የተሰባበረውስ? የተቦጨቀውን እንጀራ ማን ይገዛሻል?» አለች። እሱን እኛው ነን የምንበላው፤ ገፋሁ። ለባጃጅ ገፋሁ። መሀል ላይ የቀረችው እፍኝ አትሞላም። «ለራስሽስ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለተነሳሽበት?» አለች።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። አልቸኮለችም። መልሱን ልትነግረኝ ትችል ነበር፣ ታውቀዋለችና። እኔ ሰፌዱን እያየሁ ቆየሁና የባጃጁ ክምር ከማገዶው እንደሚበልጥ ታየኝ። በቀን ሁለቴ፣ ለእያንዳንዱ ምግብ ቤት እየተመላለስኩ! ለባጃጅ ሹፌር ነበር የምጋግረው። የቡድናችን ሌላ ጋጋሪ እዚያው መስመር ላይ ታስረክባለች። በሚቀጥለው ሳምንት ተነጋገርንና በአንድ ባጃጅ በጠዋት አንድ ጊዜ መላክ ጀመርን። ይኸው ነው። አስማት የለውም። ግን ይህን ያህል ዓመት ስጋግር አንድም ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ አብሮኝ አልቆጠረም ነበር።

ፍሬዎቹን ሰብስበን ቆላናቸውና ጠጣናቸው። ትርፌን በሲኒ ጠጣሁት ብዬ ስቄያለሁ።

በዚያ ላይ ከቡድኑ ተበድሬ ያን አራጣ ዘጋሁ። ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፤ ሪሞቱን ግን አልመለሰውም፣ ይብላው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ፤ ዛሬ መብራት ሲጠፋ ማማረሬ ራሱ ዕድገት ነው። ሀብታም ሆንኩ እያልኩ አይደለም። የጤፍ ዋጋ ምን እንደሚሠራን የሚያውቅ ያውቃል። ግን የልጆቼ ደብተር ሲያልቅ ማን ዘንድ እንደምሄድ አስቤ እንቅልፍ አላጣም። አዴ የምንላቸው ትልቋ እናታችን ሲታመሙ ደግሞ ለሕመም ካስቀመጥነው ወጥቶ ሐኪም ቤት ገቡ፤ ማንንም ሳይለምኑ።

እህታችን ብራችንን አንድም ቀን በእጇ ነክታ አታውቅም። መዝገቡን የምትጽፈው እንኳ የቡድናችን አባል ናት። አንድ ጊዜ አዴ «እባክሽ አንቺ ያዥልን፣ ካንቺ የሚታመን የለም» ቢሏት «እኔ ሄጄ ቢሆንስ?» አለቻቸው። እንደ ክፉ ቃል ወሰድነው ያን ቀን። አሁን ነው የገባን።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ሰው «የእርዳታ ብር ደመወዝ በልቶት ያልቃል» ሲል ስሰማ አልስማማም። እኔ የተጠቀምኩት ከዚያው ደመወዝ ነው! ዶሮዋ በነጻ ተሰጥታኝ ሞተች። የሴትየዋ ደመወዝ ግን ለሴትየዋ እግር ሆኖ ቤቴ ድረስ መጣ። ስለዚህ ጉዳይ ራሷን ጠይቄያት ነበር። የድሮው አዋጅ 621/2001 የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይል ነበር አለችኝ። አዲሱ 1113/2011 ወደ 20 በመቶ አወረደው፣ ግን ለፕሮጀክቱ ሥራ የሚወጣውን ከአስተዳደር ወጪ ለይቶታል። ዝርዝሩ ለሕግ አዋቂ ይሁን። እኔ የምለው፣ ለአለቃ መኪና የሚወጣ ብር እና ሰፌድ አጠገብ ለምትቀመጥ ሴት የሚወጣ ብር በአንድ ስም አይጠሩ።

እንጀራ የሚወስድ አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ አለ (ዕዳ አለበት፣ ይህን ካነበበ ይክፈለኝ)። ይህን ስነግረው «ተጠንቷል እኮ» አለኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች፣ ከ10 ሺህ በላይ ድሃ ቤተሰቦች ላይ። የኢትዮጵያው ትግራይ ውስጥ ነበር። ለቤተሰቦቹ ከብት ወይም ሌላ ገቢ የሚያመጣ ነገር ተሰጣቸው፣ ለጊዜው የሚበሉት ተደጎመ፣ ሥልጠና እና ቁጠባ ተጨመረ፣ ቤታቸው እየመጣ የሚከታተላቸው ሰው ተመደበ። እርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ኑሯቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከአጥኚዎቹ ሁለቱ፣ አቢጂት ባነርጂ እና ኤስተር ዱፍሎ፣ በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ካገኙት ውስጥ ናቸው። እኛ ከብት አልተሰጠንም፤ አንድ አይደለም። ግን እየመጣ የሚከታተል ሰው የሚለው ጋ ስደርስ «ይኸው!» አልኩት።

እናም ውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ ለወገን ብላችሁ ብር ስታዋጡ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። ግን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ምን ታድላላችሁ ብላችሁ ሳይሆን ማን ይከታተላል፣ እስከ መቼ ይከታተላል፣ ቋንቋቸውን ይናገራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጡ ብራችሁን ያዙ። ካገኛችሁ ደግሞ ለሚከታተለው ሰው ደመወዝ መስጠትን አትናቁ፤ ፎቶ ላይ አያምርም እንጂ የሚሠራው እሱ ነው።

እዚህ ያላችሁ እህቶቼ፣ ቀበሌያችሁ የሴቶች ጉዳይ ዘንድ ሄዳችሁ በሰፈራችሁ የራስ አገዝ ቡድን እየተቋቋመ እንደሆነ ጠይቁ። ካለ ግቡ። አራጣ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ግቡ! ቢያንስ አንድ ቀን ሄዳችሁ ስሙ።

እህታችን እኛን ልትለቅ ነው። እኛ ራሳችንን ችለናል ተብሏል፤ ቅር ብሎናል፣ ግን እውነቷን ነው፣ ስብሰባው ያለሷም ይካሄዳል። ቀጥላ ወደ ቦሳ ቂጦ ነው የምትሄደው። የቦሳ ቂጦ ሰዎች፣ አደራ። «ምን ትሰጪናለሽ?» ስትሏት «ምንም» ትላችኋለች። እንዳትነሱ። ቡና አፍሉላት፣ ስኳር ሳይሆን ጨው ነው የምትወደው። ሰፌድም አቅርቡላት።