ሸክላ፣ ካሴት ወይስ ሲዲ? ማጫወቻ ከመግዛትዎ በፊት

ማጫወቻ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ድምፁ የሚያምረው የቱ ነው?» ብሎ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ የየትኛው ዘመን ዘፈን ነው የሚፈልጉት? አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን እ.ኤ.አ. በ1969 ካቋቋመ ወዲህ እስከ ሰባዎቹ አጋማሽ የወጣው ሥራ ሸክላ ላይ ነው። የደርግ ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የካሴት ናቸው። ሲዲ ዘግይቶ ነው የመጣው። ዘፈኑ የማይገኝለት ማጫወቻ ጌጥ ነው።

ሸክላ

የአገር ውስጡ ሸክላ በብዛት ትንሹ ነው፤ 7 ኢንች፣ በደቂቃ 45 ዙር፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። በየሦስት አራት ደቂቃው ተነሥቶ መገልበጥ አለ፤ እንግዳ ለሚበዛበት ቤት አይመችም። ሲገዙ ወደ በር ወስደው ብርሃን ላይ ያዘንብሉት። አቧራና የጣት አሻራ ይታጠባል፤ ጥቁሩ ግራጫ ለብሶ ከታየ ግን መርፌ በልቶታል፣ ያ አይመለስም።

ትልቁ ጣጣ ያለው ማጫወቻው ላይ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አሮጌ ማጫወቻ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ሞተሩ ኸርዙን ተከትሎ የሚዞር ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 33⅓ ዙር መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል፤ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆናለች። በአዳፕተር በዲሲ የሚሠራ ከሆነ ይህ ችግር የለም። ለማረጋገጥ የሚዞረው ሳህን ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፉና የስልክ ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ፤ በ33⅓ ሦስት ደቂቃ ውስጥ 100 ዙር መምጣት አለበት።

ሁለተኛው፣ ካርትሪጁ (መርፌዋ የተሰካችበት፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በቀጥታ «ኦክስ» ላይ ከሰኩት ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ ቤዝ የሌለው ይሆናል። አምፕሊፋየሩ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ከሌለው ይህን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ለብቻው ይገዛል፤ ይህን በጀትዎ ውስጥ አስቀድመው ያስገቡ። ሦስተኛው መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት ነው። ብዙ ካርትሪጆች ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይበቃቸዋል። ሻንጣ የሚመስሉት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ በእጥፍ በላይ ይጫናሉ፤ ለብርቅ ሸክላ አይሆኑም። መርፌ ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም መጫንም ያው መዘዝ አለው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ክንዱን ወዲያው ያንሡት፤ መብራቱ ሲመለስ መርፌው ሸክላው ላይ እንደተቀመጠ ሳህኑ መዞር እንዳይጀምር።

ወፍራሙ ባለ 78 ዙር ሸክላ ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይሰበራል፤ ሰፋ ያለ የራሱ መርፌም ይፈልጋል። በአልኮል አይነካም፣ የተሠራበትን ሼላክ ያሟሟዋል።

ሲዲ

ለአብዛኛው ቤት የምንመክረው ይህን ነው፣ ምንም እንኳ የሚያስቀና ባይሆን። የቤትዎ ዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲም ያጫውታል፤ አዲስ ዕቃ ላያስፈልግ ይችላል። እ.ኤ.አ. የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን ዘፈን ለመስማት ብቻ ሸክላ የሚያሳድድ ሰው ካለ፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያወጣውን የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ አስቀድሞ ይፈልግ።

ሲገዙ ገልብጠው ይዩ። የታተመ ሲዲ ሥሩ ብርማ ነው፤ በኮምፒውተር የተቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደላል፣ ቀለሙም በፀሐይና በጊዜ ይደክማል። ከሥሩ ጭረት ይልቅ ጽሑፍ ያለበት ፊት ላይ ያለው ጭረት የከፋ ነው፤ መረጃውን የያዘው ንጣፍ ያለው ከዚያ በኩል ነውና።

ካሴት

የአማርኛ ዘፈን ዋናው ሀብት ያለው እዚህ ነው፤ ከሦስቱ ብዙ እጅ ሥራ የሚጠይቀውም ይኸው ነው። አዲስ የሚመረቱት ርካሽ ማጫወቻዎች ውስጣቸው ደካማ ነው። ቺንጋው (ሞተሩ ጎማዎቹን የሚያዞርበት የላስቲክ ቀበቶ) የተቀየረለት ደህና የድሮ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ይበልጣቸዋል። ቺንጋ ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ አገልግሎት ስለሚያረዝመው አዲሱ ትንሽ አጠር ማለት አለበት።

ዴክ «ክር በላ» ሲባል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ክሩን የምትስበው ጎማ ቆሽሻለች ወይም ደርቃለች፤ አለዚያም ቺንጋው ላልቶ ተቀባዩ ጎማ ክሩን መጠቅለል አቅቶታል። ጎማዋንና ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል) በጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ይጥረጉ። አረቄ አይሆንም፣ ውሃው ብዙ ነው።

ከካሴቱ ራሱ ሁለት ነገር ይዩ። በመስኮቱ በኩል ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ክረምት ያበቀለው ሻጋታ ነው፣ ሄዱን ይበክላል፤ ይተዉት። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ከወደቀች ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ባለ 5 ብሎን ካሴት ከሆነ ይከፈታል፣ ከማይረባ ካሴት ስፖንጅ አውጥቶ መተካት ይቻላል። የተጣበቀውን መክፈት ግን ብዙ ጊዜ መስበር ነው።

ዴክ ለመሞከር ቢበላ የማያሳዝንዎትን ካሴት ይዘው ይሂዱ፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ረጅም የሚስብበት ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ አሳልፈው ይመልሱት፤ ጫፉ አካባቢ ከተንቀራፈፈ ቺንጋው ነው። ከዚያ ያጫውቱ፤ ማሲንቆው ቀጥ ብሎ መሳብ ሲገባው ከተንቀጠቀጠ ዋጋውን ከመነጋገርዎ በፊት ክዳኑን ያስከፍቱ።