አፕት፣ ፍላትፓክ፣ ስናፕ ወይስ ከሶርስ ኮድ? «ነፃ» የሆነው ሶፍትዌር ስንት ያስወጣል

ሊኑክስ የጀመሩ ጓደኞቼ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄን ፕሮግራም ለመጫን አራት መንገድ አለ፤ የቱ ይሻላል?» ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ሳልደብቃችሁ፣ እኔ የአፕት ሰው ነኝ። አፕት የዴቢያንና የኡቡንቱ መጫኛ ትእዛዝ ነው፣ ፌዶራ የምትጠቀሙ ዲኤንኤፍ በሉት፤ ሐሳቡ ያው ነው። ዲስትሮው (የምትጠቀሙት የሊኑክስ ዓይነት) ራሱ አዘጋጅቶ ካስቀመጠው ፓኬጅ መጫን ማለቴ ነው። ሌላውን ሁሉ እዚያ ስታጡ ብቻ ነው የምታዩት።

ሁሉም ነፃ ነው አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ማውረዱ ግን አይደለም። ሒሳቡ በሜጋባይት፣ በዲስክ ቦታና በእንቅልፍ ነው የሚወራረደው።

እኔ ራሴ በዚህ ሒሳብ ተሸውጃለሁ። ኤፍኤፍምፔግ የሚባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፈልጌ አፕትን ሳዝዘው የላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ዓይነት ደርድሮ «ልቀጥል?» አለኝ። ዝርዝሩን አይቼ ደነገጥኩ። ሶርስ ኮዱ (ሠሪዎቹ የጻፉት ጥሬው ኮድ) ደግሞ ተጨምቆ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ይሄማ ርካሽ ነው ብዬ አወረድኩት። ለሥራ የሚያዘጋጀውን ኮንፊገር ስለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) የለህም አለኝ፤ ጫንኩ። ናዝም የሚባል ሌላ መሣሪያ የለም አለኝ፤ እሱንም ጫንኩ። ኮምፓይለሩና ጓዙ ብቻ ከቆጠብኩት ዳታ በላይ በሉ። ከዚያ ፕሮግራሙን እንዲሠራው ሜክ ብዬ ላፕቶፑ እንደ ምድጃ እስኪግል ጠበቅኩ፣ እንዲጭነው ሱዶ ሜክ ኢንስቶል አልኩ፣ ሠራ። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ደግሞ የሶርሱን ፎልደር አጠፋሁት። እሷን ጥፋት ያዙልኝ።

ከወራት በኋላ ዲስትሮውን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደግኩ። በማግስቱ በአፕት የጫንኩት የቪዲዮ ማቀናበሪያ አልከፈት አለ። ከተርሚናል ሳስነሳው ያልታወቀ ሲምቦል (የሚፈልገው የኮድ ክፍል ላይብረሪው ውስጥ የለም ማለት ነው) የሚል አንድ መስመር ተፍቶ ይዘጋል። አጥፍቼ ጫንኩት፣ ያው ነው። ድጋሚ አጥፍቼ ጫንኩት፣ አሁንም ያው። ሁለት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ኤልዲዲ በሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚያነሳ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። በእጄ የጫንኩት ሁሉ የተቀመጠው ዩኤስአር ሎካል የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ ላይብረሪ ሲፈልግ ከራሱ ፎልደር በፊት እዚያ ያያል። ስለዚህ ማቀናበሪያው አዲሱን ላይብረሪ ሲጠብቅ የእኔን አሮጌ እያነሳ ይወድቃል። አፕት እሱ ያልጫነውን ፋይል አያውቀውም፣ እንዴት ብሎ ያጥፋልኝ?

ማጥፊያው ሜክ አንኢንስቶል የሚሠራው ደግሞ ከዚያው ካጠፋሁት የሶርስ ፎልደር ነው። ያዳነኝ አንድ ነገር ነው። ኤፍኤፍምፔግ ቨርዥኑን ስትጠይቁት በምን በምን ምርጫ እንደተሠራ ጭምር ይነግራችኋል። ያንኑ ቨርዥን እንደገና አውርጄ፣ ምርጫዎቹን ቃል በቃል ገልብጬ፣ ኮንፊገር አድርጌ፣ ሜክ አንኢንስቶል አልኩ። በመጨረሻ የሲስተሙን የላይብረሪ ዝርዝር የሚያድሰው ኤልዲኮንፊግ፣ እፎይ። ደግነቱ አንኢንስቶል ነበረው። ብዙ ፕሮጀክቶች የላቸውም፤ ሲሜክ የሚባለው የኮድ መገንቢያ ለምሳሌ በራሱ አያዘጋጅላችሁም፣ ያላችሁ ነገር ፕሮግራሙ በተሠራበት ቢልድ ፎልደር ውስጥ የሚቀረው የተጫኑ ፋይሎች ዝርዝር ብቻ ነው። ፎልደሩን አጥፍታችሁ ከሆነ እሱም የለም።

«ከሶርስ ስጭን ግን ኮዱን አየዋለሁ፣ ደህንነቱ ይበልጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አንብበኸዋል? በ2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዜድ በሚባለው መጭመቂያ ውስጥ ስውር መግቢያ ተደብቆ መገኘቱን አስታውሱ። ተንኮሉን የሚያስነሳው ክፍል የተቀመጠው ሰው በሚያወርደው የ5.6.0 እና የ5.6.1 ጥቅል ውስጥ ነበር፤ በጊት (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነበት ማከማቻ) ላይ የሚታየው ኮድ ውስጥ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የደረሰበት በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያው) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። የዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው የዴቢያን እትም) ተጠቃሚዎች በአሮጌ ቨርዥን ላይ ስለነበሩ አልነካቸውም። አሮጌ ነው እያላችሁ የምታሙት ማለት ነው።

አሮጌነቱ ግን ሐሜት ብቻ አይደለም፣ እውነት ነው። ዴቢያን ስቴብል በሁለት ዓመት አንዴ ነው አዲስ የሚወጣው። አዲስ ቨርዥን የግድ ካስፈለጋችሁ መጀመሪያ ባክፖርትስን፣ አዳዲስ ቨርዥኖች ለስቴብል የሚዘጋጁበትን የዴቢያን ክፍል፣ እዩ። እዚያም ከሌለና ፕሮግራሙ መስኮት ያለው ዓይነት ከሆነ በየትኛውም ዲስትሮ የሚሠራውን ጥቅል፣ ፍላትፓክን፣ ጫኑ። ሁለተኛ ምርጫዬ እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን ኪስ ይጎዳል፤ ትንሽ ማስታወሻ መጻፊያ ልጭን ብላችሁ የሚሮጥበትን መሠረት ጭምር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ታወርዳላችሁ። የሚቀጥለው ፕሮግራም ያንኑ መሠረት ከተጋራ ይቀላል፣ አፕዴት ሲመጣም የተለወጠውን ብቻ ነው የሚያወርደው። በየጊዜው አንኢንስቶል አንዩዝድ እያላችሁ የማይፈለገውን ጥረጉ፤ አለዚያ ዲስኩ ሳታውቁት ይሞላል። ፋይሌን አያይልኝም ካላችሁ ፈቃድ ስላልሰጣችሁት ነው፣ ፍላትሲል በሚባለው የፈቃድ ማስተካከያ ፕሮግራም ይስተካከላል።

የኡቡንቱ ሠሪዎች ባዘጋጁት ጥቅል፣ በስናፕ፣ ላይ ብዙ አልቆይም። በቀን አራት ጊዜ አፕዴት ይፈልጋል፣ ካገኘ ራሱ ያወርዳል። ዳታ እየቆጠረ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ራስ ምታት ነው። ከቨርዥን 2.58 ወዲህ ሪፍሬሽ ሆልድ ብሎ ማስቆም ይቻላል። የድሮውንም ቅጂ ስለሚያስቀር ቦታ በእጥፍ ይይዛል። ማከማቻው ውስጥ ያለ ሁሉ ደህና ነው ብላችሁ ግን አትመኑ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ጨዋታ መስሎ ተቀምጦ በስውር የክሪፕቶ ሳንቲም የሚያመርት ተገኝቷል። የአሳታሚውን ስም ሳታዩ አትጫኑ።

ከአራቱ ውጭ ያለው አፕኢሜጅ ደግሞ ፕሮግራሙ የታሸገበት አንድ ፋይል ነው። ፈቃድ ሰጥታችሁ ታስነሱታላችሁ፣ ካልፈለጋችሁት ትሰርዙታላችሁ፣ በቃ። ከሠሪው ገጽ ብቻ አውርዱት። አልነሳ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፊውዝ ሁለት የሚባለው ላይብረሪ ነው።

ከሶርስ መጫን የግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ በፓኬጁ ውስጥ ያልተካተተ ነገር ስትፈልጉ። ያን ጊዜ ፕሪፊክሱን (የሚጫንበትን ቦታ) ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ አድርጉት፤ ሲበላሽ ፎልደሩን ማጥፋት ነው። ወይም በሜክ ኢንስቶል ፈንታ ቼክኢንስቶል በሉ፤ ፓኬጅ ሠርቶ ስለሚጭነው አፕት ያውቀዋል፣ ያነሳላችኋል። የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች አንድ በአንድ አትልቀሙ፤ አፕት ቢልድዴፕ ባንድ ጊዜ ያመጣቸዋል፣ በአፕት የማከማቻ ዝርዝር ውስጥ የሶርስ መስመሮቹ መከፈታቸውን ብቻ አረጋግጡ። ክሮሚየም ብራውዘርን የመሰለ ነገር ግን በፍጹም አትሞክሩ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ቢያንስ 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አዘጋጁ ይላሉ።

ያኔ አፕት ሲደረድርልኝ ያስደነገጠኝ ዝርዝርስ? ከመቀጠሉ በፊት ስንት እንደሚያወርድና ዲስክ ላይ ስንት እንደሚይዝ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔ ግን የስሙን ብዛት እንጂ ቁጥሩን አላየሁትም። በዚያ ላይ ከተደረደረው የተወሰነው «ቢኖር ጥሩ ነው» የሚባለው ዓይነት ነው። ኖ ኢንስቶል ሪኮመንድስ የሚለውን ምርጫ ብጨምርበት ኖሮ ያጥር ነበር።