ባለእግሩ የፖከር ጠረጴዛ ወይስ ተጠቅላዩ ምንጣፍ?

ቤት ውስጥ ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ መጫወት የጀመሩ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ጠረጴዛ ልግዛ?» መልሴ አብዛኛዎቹን አያስደስትም። ጠረጴዛ አትግዙ፤ የምትበሉበት ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ የጎማ ምንጣፍ ግዙ እላለሁ። ይህን የምለው ጠረጴዛውን ቀድሜ ገዝቼ ስለተቃጠልኩ ነው።

የገዛሁት ከመካከሉ ለሁለት የሚታጠፍ፣ ለስምንት ሰው የተባለ ባለእግር ጠረጴዛ ነበር። ዋጋው የምንጣፉን አምስት እጥፍ ነው፤ ማጓጓዣው ብቻ የምንጣፉን ግማሽ በላ። በአራተኛው ወር አንዱ እግር መወዛወዝ ጀመረ። ገልብጬ ሳየው የእግሩ ማጠፊያ በአጫጭር ቪቴ ቺፑድ ላይ ተመትቷል። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ ቪቴው አንዴ ከላላ ቀዳዳው ይፈረፈራል፤ ቢያጠብቁት አይጠብቅም። አናጺ ከሥሩ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለጥፎ በረጅም ብሎን አሰረልኝ። ለእጁ የከፈልኩት ከምንጣፉ ዋጋ ብዙም አያንስም።

ቀጥሎ ክርን የሚያርፍበት ጠርዝ ተላጠ። ሰው ሠራሽ ቆዳው እየተቀረፈ በየእንግዳው እጅጌ ላይ ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ይጣበቅ ጀመር፤ ሌላ ወጪ ለሶፋ ሠሪ። ከሁሉም ያናደደኝ ግን የመካከሉ መጋጠሚያ ነው። የሚታደለው ካርታ እዚያ ላይ ይደናቀፍና ፊቱን ገልብጦ ይወድቃል። ከዚያ ክርክር፣ ከዚያ እንደገና ማደል።

ምንጣፉ 180 በ90 ሴንቲሜትር ነው፤ ከላይ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከታች 3 ሚሊሜትር ጎማ። ካርታ ይንሸራተትበታል፤ ሲያነሡትም ከሥሩ ስለሚለዝብ ጥፍር አይቆፍርም። መጠጥ ሲፈስበት በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። መጀመሪያ ሰሞን የጎማው ሽታ ያስቸግራል፤ ጠርዝ ስለሌለው ቺፕስ (በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙት ክብ መቁጠሪያ) አልፎ አልፎ መሬት ይወርዳል። የብርጭቆ ማስቀመጫ የለውም የሚሉኝ አሉ። ብርጭቆ ከካርታ አጠገብ ምን ይሠራል? ከጎን አንድ ዱካ ላይ አስቀምጡት።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አስመስለው ከሚሠሩት ነው። ፎቶው አንድ ዓይነት ሆኖ ከሥሩ ጎማ ሳይሆን ስስ ስፖንጅ የተለጠፈበት አለ። ዋጋው በሲሶ ይቀንሳል፤ ግን ሲጫወቱ ከጠረጴዛው ላይ ይሸሻል። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ስንት ይመዝናል? እንዴት ታሽጎ ይመጣል? የእኔ ከሦስት ኪሎ በላይ ነው። ታጥፎ በካርቶን የሚመጣውን አትቀበሉ፤ የእጥፋቱ መስመር በቀላሉ አይለቅም። ስትጠቀልሉትም ጨርቁ ወደ ውጭ ይሁን፤ ያኔ ሲዘረጋ ጫፎቹ ወደ ላይ አይቆለመሙም።

ዘጠኝ ወይም አሥር ሰው የሚሰበስብና ጠረጴዛውን ሳያጥፍ የሚተውበት ክፍል ያለው ሰው አይስማኝ። እርሱ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲሜትር ያህል ጠርዝ አስቦ ወጥ የኮምፔንሳቶ ገጽ ያለው ይፈልግ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 244 በ122 ሴንቲሜትር ስለሚመጣ፣ በዚያ ልክ የተሠራ ጠረጴዛ መካከሉ ላይ መቀጠል አያስፈልገውም። ጠርዙ ደግሞ ከሥር በብሎን የሚፈታ ይሁን፤ አለዚያ ጨርቁ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ተነቃቅሎ ነው የሚቀየረው።

ዋጋን ለምሽት ማካፈል እወዳለሁ። ጠረጴዛው ከነጥገናው አገልግሎ የጨረሰው በ19 ምሽት ነው። በምንጣፉ 70 ካለፍን በኋላ መቁጠር ትቻለሁ፤ እስካሁን ለጥገና ምንም አላወጣሁበትም። ጠረጴዛው ታጥፎ ከበር ኋላ ቆሟል። በቅርቡ አንድ ወዳጄ በግማሽ ዋጋ ልውሰደው አለኝ። ገልብጬ እግሩን አሳየሁትና ሄዶ ምንጣፍ ገዛ።