ሰፊው የግንባር ማሰሪያ ሥራውን ሠርቷል፤ መቀሱ ቦታው ይቀመጥ

ረጅም ፀጉር ላላቸው ኳስ ተጫዋቾች የሚሸጠውን ሰፊ የግንባር ማሰሪያ ከውድድር ዘመኑ መጀመሪያ አንስቶ ስጫወትበት ቆይቻለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግዙት። ጉድለቶች አሉት፤ እነርሱንም አልደብቅም። ይህን የምጽፈው ግን ዕቃውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። «ፀጉሩን ያሳደገ ተጫዋች ሜዳ አይገባም» የሚሉ አሰልጣኞች ዛሬም አሉ። ለእነርሱ የሚሆን መልስ ሦስት ጣት ስፋት ባላት በዚህች ጨርቅ ውስጥ አግኝቻለሁ።

እኔ የመሃል ተከላካይ ነኝ። ሹሩባዬ ሲለቀቅ ወገቤን ይነካል። ታናሽ ወንድሜም የመሃል ተከላካይ ነው፤ እርሱ ፀጉሩን ድሬድ አድርጎ ትከሻው ላይ አውርዶታል። ሁለታችንም የምንጫወተው በአንድ የጨዋታ ሕግ ነው። ኳስ ከጀመርኩ ጀምሮ «ፀጉርሽን ተቆረጪ» ያለኝ አሰልጣኝ የለም። ወንድሜን ግን አሰልጣኙ ከፀጉሩና ከመለያው አንዱን እንዲመርጥ ነገሩት። ምክንያታቸውን ለመስማት ሄጄ «አሰልጣኝ፣ ፀጉሩ ምን አስቸገረዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይኑን ይጋርደዋል፣ ተቃራኒ ተጫዋች ይጎትተዋል፣ ደግሞም ሥርዓት አይደለም አሉኝ። በአክብሮት ሰማኋቸው፤ በአንዱም ግን አልተስማማሁም።

ከዓይን እንጀምር፤ የማሰሪያው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነውና። ከዚህ በፊት የተጠቀምኩባቸው ቀጫጭን ላስቲኮች ገና ላብ ሲነካቸው ከግንባር ወደ አናት ይሸሻሉ። ላብ የጠጣ ፀጉር ይከብዳል፤ ከከበደ በኋላ ደግሞ በሩጫ ብዛት ወደ ፊት ይወርዳል። ይሄኛው ማሰሪያ ከውስጥ በኩል እንደ ማዕበል የሚጠማዘዝ ቀጭን፣ ጎማ መሰል የሲሊኮን መስመር ተለጥፎበታል። ቆዳ ቢላብም መስመሩ አይለቅም። በዝናብ ተጫውቼበታለሁ፣ ተንሸራትቼ ኳስ አስጥዬበታለሁ፣ ከማዕዘን ምት የመጣ ኳስ በግንባሬ ገጭቼበታለሁ፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጨርቁ ላቡን ስለሚመጥ ጨውም ወደ ዓይኔ አይወርድም። አጭር ፀጉር ያላቸው የቡድኔ ልጆች እንኳ ለዚሁ ሲሉ መግዛት ጀምረዋል።

እሽጉ ውስጥ ከዋናው ማሰሪያ ጋር የኋላውን ፀጉር የሚሰበስቡ ክብ ላስቲኮች አሉ። እነዚህን በደንብ አይቻቸዋለሁ። ርካሽ የፀጉር ላስቲክ ጫፍና ጫፉ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ የብረት መቆንጠጫ አለው፤ ኳስ ለመግጨት ሁለት ሰው ሲዘል ያ ብረት የሌላውን ቅንድብ ሊሰነጥቅ ይችላል። የእነዚህ መገናኛ ግን በክር የተሰፋ ነው። ለእኔ ይህ ብቻውን ዕቃውን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነበር።

አስተሳሰሩን በተመለከተ ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች ፀጉራቸውን ማጅራታቸው ላይ ይቋጥራሉ። ተከላካይ ከሆናችሁ ይህን አታድርጉ። ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ለመግጨት አንገት ወደ ኋላ ሲለጠጥ ቋጠሮው ከትከሻ ጋር ይጋጭና የምቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ከጆሮ ከፍታ ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ ጭንቅላታችሁ ጀርባ ላይ ቋጥሩት፤ ጫፉንም ወደ ውስጥ እጠፉት። ኳሱ የሚያርፈው ግንባር ላይ ስለሆነ እዚያ ያለ ቋጠሮ ምንም አይነካውም። ረጅም ፀጉር ኳስ በግንባር ለመግጨት ያስቸግራል ለሚል ሰው ደግሞ የኔዘርላንድሱን ሩድ ጉሊትን አስታውሰዋለሁ። በ1988 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሶቪየት ኅብረት ላይ የመጀመሪያውን ጎል በግንባሩ ሲያስቆጥር ድሬዱ አብሮት ይበር ነበር። የስፔኑ ተከላካይ ካርለስ ፑዮልም በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በ73ኛው ደቂቃ የዣቪን የማዕዘን ምት ገጭቶ ጀርመንን ያሰናበተው ያንን ጥቅልል ፀጉሩን ይዞ ነው።

ወደ መጎተቱ ልምጣ። አደጋው እውነት ነው፤ እኔም ደርሶብኛል፤ ያማል። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ቼልሲና ቶተንሃም 2 ለ 2 በተለያዩበት ጨዋታ በጭማሪው ሰዓት የቶተንሃሙ ክርስቲያን ሮሜሮ የቼልሲውን የማርክ ኩኩሬላን ፀጉር ይዞ ወደ መሬት ሲጎትተው ዓለም አይቷል። ጥፋቱ ሳይቀጣ ታለፈ፤ ወዲያው በተመታው የማዕዘን ምትም የቶተንሃሙ ሃሪ ኬን የአቻነቷን ጎል አስቆጠረ። የዕለቱ የቪዲዮ ረዳት ዳኛ ማይክ ዲን ቆይቶ ስህተቱን አምኗል። በዚያ ሰሞን ኩኩሬላ ይቆረጥ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ግን ፍርድን ገልብጦ መስጠት ነው። መለያ የሚጎትት ይቀጣል እንጂ መለያ የለበሰ አይቀጣም። የሌስተር ሲቲው ሮበርት ሁት በ2016 እ.ኤ.አ. የማንቸስተር ዩናይትዱን የማሩዋን ፌላይኒን ጎፈሬ በመጎተቱ የሦስት ጨዋታ እገዳ ተጥሎበታል፤ በክርኑ የመለሰለት ፌላይኒም እኩል ተቀጥቷል። መንገዱ ይህ ነው። ማሰሪያው እዚህ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም አለ፦ ፀጉሩ ተቋጥሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ተቃራኒ ተጫዋች በጣቱ የሚጠመጥመው ነገር አያገኝም። ክፉ አስቦ የሚመጣን እጅ ግን ጨርቅ አያቆመውም፤ የሚያቆመው ዳኛ ነው።

ሥርዓት ለሚለው ነገር የጨዋታ ሕጉን ማንበብ ይበቃል። ስለ ተጫዋቾች ትጥቅ የሚደነግገው ሕግ 4 አደገኛ ነገር በሰውነት ላይ ማድረግን ይከለክላል። ሐብል፣ ቀለበትና ጉትቻ ይወልቃሉ፤ በፕላስተር መሸፈን እንኳ አይፈቀድም። ስለ ፀጉር ርዝመት ግን አንድም ቃል የለውም። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራስ መሸፈኛም ተፈቅዷል፤ ጥቁር ወይም የመለያውን ዋና ቀለም የያዘ፣ ከመለያው ጋር ያልተያያዘ፣ ወጣ ያለ ነገር የሌለው እስከሆነ ድረስ። ማሰሪያ የሚገዛ ሰውም በዚሁ መስፈርት ቢመርጥ ከዳኛ ጋር አይነታረክም። እኔ ጥቁሩን የገዛሁት ለዚህ ነው።

አንድ አሰልጣኝ ፀጉርን የሥርዓት መለኪያ ሲያደርግ የሚከፍለውን ዋጋ ዳንኤል ፓሳሬላ አሳይቶናል። በ1994 እ.ኤ.አ. የአርጀንቲናን ብሔራዊ ቡድን ሲረከብ ተጫዋቾቹ ፀጉራቸውን እንዲያሳጥሩ አዘዘ። አማካዩ ፈርናንዶ ሬዶንዶ አልቆረጥም አለ። በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. ከሪያል ማድሪድ ጋር ዩቬንቱስን አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ በቀጣዩ ወር ፈረንሳይ ላይ የዓለም ዋንጫ ሲጀመር ግን አገሩ ያለ እርሱ ገባች። አርጀንቲና በሩብ ፍጻሜው በኔዘርላንድስ 2 ለ 1 ተሸንፋ ተመለሰች። ሬዶንዶ ቢኖር ታሸንፍ ነበር ማለት አልችልም። ነገር ግን በዘመኑ ከነበሩት ድንቅ አማካዮች አንዱን በመቀስ ምክንያት ቤት ማስቀረት ለየትኛውም ቡድን ጥቅም የለውም፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ።

አሁን የማሰሪያው ጉድለቶች። ስፌቱ የጭንቅላት ጀርባ መሃል ላይ ስለሚያርፍ ጥብቅ አድርጎ ለሚያስር ሰው ከዕረፍት በኋላ ጭንቅላት ያስጨንቃል፤ ስፌቱን ወደ ጆሮ ጀርባ ማዞር ይሻላል። ሲሊኮኑ የጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ለስላሳ ፀጉር ይዞ ይነቅላል፤ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ጠቅልላችሁ አውልቁት። በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ የሲሊኮኑ መስመር ይላጣል፤ የመጀመሪያው እንዲያ ሆኖብኛል። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ አጥቦ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። የወፈረ ድሬድ ወይም ትልቅ ጎፈሬ ያላቸው ደግሞ መካከለኛው ልክ አይበቃቸውም፤ ለወንድሜ ትልቁን ወስጄለታለሁ፤ እርሱም ቢሆን ትንሽ ይጠብበታል። አምራቾቹ ከዚያ የሚበልጥ ልክ ሊያስቡበት ይገባል።

ወንድሜ ማሰሪያውን አድርጎ ልምምድ ይሠራል፤ አሰልጣኙም ይህን በዓይናቸው እያዩ ነው። በጨዋታ ቀን ግን እስካሁን የሚያስቀምጡት ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ዓይኑ አልተጋረደም፤ ፀጉሩም ለእጅ አይመችም። የሚቀረው የእርሳቸው ውሳኔ ብቻ ነው፤ ከጨዋታ ሕጉ በኩል የሚከለክላቸው ነገር የለም።