ሳተላይት ይከታተላል ተብሎ የሚሸጠውን ቴሌስኮፕ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ንዴቴም ሳይበርድልኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ 46,000 ብር ከፍዬ ባለ 114 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ካሜራውንም፣ ድሮኑንም፣ ስፒከሩንም በአንድ መደርደሪያ ደርድረው ስለ የትኛውም ቢጠየቁ «ይሠራል» የሚሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ሳጥኑ ላይ 675 ጊዜ ያጎላል ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ የዚህ መጠን መስታወት ግን ከ230 ጊዜ ገደማ በላይ ሲያጎላ ምስሉን ከማደብዘዝ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

እኔን ያታለለኝ ግን ሞተሩ ነው። ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ መከተል ይችል እንደሆነ ለይቼ ስጠይቀው፣ ሻጩ ቁልፉን ተጫነና ሞተሩ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር «ይኸው ጋሼ፣ እየተከተለ ነው» አለኝ። ጣሪያ ሥር ቆመን ምኑን እንደሚከተል ሳልጠይቅ ገንዘቤን መቁጠሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ትናንት ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ጣቢያው ከደቡብ ምዕራብ ብቅ ሲል፣ ልጄ ዓይኗን መመልከቻው ላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። ብርሃኑ በፊቷ አልፎ ሲሄድ «አባዬ፣ ጠፋብኝ» አለች፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቱቦው ግን ንቅንቅ አላለም። መመሪያውን ሳነብ ሞተሩ የምድርን ዙረት እያካካሰ ኮከብ ለመያዝ ብቻ የተሠራ፣ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር መሆኑን ተረዳሁ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚበረው ጣቢያ አናታችን ላይ ሲደርስ በሰከንድ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚጓዝ፣ ከሞተሩ ከ200 ጊዜ በላይ ይፈጥናል።

ዛሬ ዕቃውን ተሸክሜ ስመለስ ያው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ሳተላይት ከፈለጉ ዲሽ ያስተክሉ እንጂ ጋሼ» አለ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ልጆች ሳቁ። ቅዳሜ የነገረኝን ሳስታውሰው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ካደ፤ ከዚያም ደረሰኙን ከእጄ ወስዶ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማኅተም በጣቱ እየጠቆመ፣ ማንበብ እንደማይችል ሰው ቃል በቃል አነበበልኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ መቆሚያው በሁለቱም አቅጣጫ በሞተር የሚንቀሳቀስና የሳተላይቱን የምሕዋር መረጃ ከኮምፒዩተር የሚቀበል መሆኑን ከመክፈሉ በፊት በዓይኑ ይይ። ጣቢያው ሲያልፍ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ባዶ ዓይን ይበቃል።