12 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ሊደር ከወራት በኋላ፦ የትኛው ሉር ላይ የትኛው ቋጠሮ?

ከመጋቢት ጀምሮ እስካሁን አንድ አይነት ክር ነው ስጠቀም የቆየሁት፣ ሪሉ (ክር መጠቅለያው) ላይ 20 ፓውንድ ሚችል ብሬድ (የተገመደ ክር)፣ ጫፉ ላይ ደሞ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን 12 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ሊደር፣ ማለትም ከብሬዱ ጫፍ ሚቀጠልና ሉሩ (ሰው ሰራሽ ማጥመጃው) ሚታሰርበት ክር። የማጠምደው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲሲ ፍሌቸርስ ኮቭ አካባቢ፣ አንዳንዴ ደሞ ቨርጂኒያ በርክ ሌክ። ሊደሩን ስገዛ ሁሉም ሰው ሚያወራልኝ "አሳው አያየውም" ስለሚለው ነበር። እውነት አለው፣ ብርሃን ውሀ ውስጥ ሚታጠፍበት ልክ 1.33 ነው፣ የፍሎሮካርቦን 1.42 ገደማ፣ የናይለን ደሞ ከ1.5 በላይ ስለሆነ ፍሎሮው ለውሀው ይቀርባል። ግን ፖቶማክ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቡና ነው ሚመስለው፣ እዛ ላይ ማየት አለማየት ብዙ ለውጥ አያመጣም። ከዚ ሁሉ ወር በኋላ ስለዚ ክር ልነግራችሁ ምፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ ይሄ ክር ቋጠሮ ይመርጣል።

መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ልናገር። ድንጋይ ይችላል። ፍሌቸርስ ጋር ታቹ በሙሉ አለት ነው፣ ናይለን ቶሎ ሚላጭበት ቦታ ላይ ይሄ ይቆያል። ውሀ አይመጥም፣ ስለዚ ሙሉ ቀን ነክሮ ሲውልም አይለሰልስም። ይሰምጣል፣ ለክራንክቤይትና ለጂግ (ወደ ታች ጠልቀው ሚሰሩ ሉሮች ናቸው) ይሄ ጥቅም ነው። ዋጋው ከተራ ናይለን በጣም ይበልጣል ግን ሊደር ብቻ ስለሆነ አንዷ ጥቅል ብዙ ትቆያለች።

አስቸጋሪው ነገር ደረቅነቱ ነው፣ ማለቴ እንደ ልብ አይታጠፍም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚማረው ኢምፕሩቭድ ክሊንች ሚባለውን ነው አይደል፣ ክሩን በሉሩ አይን (ክር ሚታሰርበት ቀዳዳ) አሳልፎ ከአምስት እስከ ሰባት ዙር ጠምዝዞ መጨረሻውን ወደ ውስጥ መመለስ። ቀጭን ናይለን ላይ ምንም አይወጣለትም። ይሄኛው ክር ላይ ግን ዙሮቹ እኩል አይቀመጡም፣ አንዱ ዙር ሌላው ላይ ይወጣና እዛው ራሱን ይቆርጣል። ብሬድ ላይ በቀጥታ ካሰራችሁት ደሞ ብሬዱ ልሙጥ ስለሆነ ቀስ እያለ ይንሸራተትና ይላቀቃል። በቃ ክሊንቹን ለስድስትና ለስምንት ፓውንድ ትቼዋለሁ።

ይሄን በስሜት አይደለም ምለው። ሁላችንም ቤት የሻንጣ ሚዛን አለ፣ አገር ቤት ሲኬድ 23 ኪሎ ምናምን እያልን ምንለካባት። መንጠቆውን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥዬ፣ ክሩን ወፍራም እንጨት ላይ ጠቅልዬ እስኪበጠስ ድረስ ቀስ ብዬ እጎትታለሁ (መነፅር አድርጉ፣ ክር ሲበጠስ መንጠቆው ወዴት እንደሚበር አይታወቅም)። 12 ፓውንድ ማለት 5.4 ኪሎ አካባቢ ነው። ፓሎማር ሚባለው ቋጠሮ (አሰራሩን ታች ታገኙታላችሁ) ሁሌም ማለት ይቻላል ወደዛ ቁጥር ይጠጋል፣ ሉፕ ኖቱ (ክፍት ቀለበት ሚተወው ቋጠሮ) ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ክሊንቹ ግን አንዴ ጥሩ ይይዝና ቀጥሎ ገና ሳልስበው ይሄዳል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ አለመታመኑ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ድራጋችሁን (አሳው ሲጎትት ሪሉ ክር እንዲለቅ ሚያደርገውን ማስተካከያ) ክሩ ሚችለውን ሲሶ ወይ ሩብ ላይ ነው ምታስተካክሉት፣ በ12 ፓውንድ ከሄዳችሁ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው፣ ስለዚ ሁለት በደንብ የታሰሩ ቋጠሮዎች መሀል ያለው ትንሽ ልዩነት አሳ ላይ ብዙም አይታይም። ሚታየው ሉሩ ውሀ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ነው።

ለዚ ነው ሉፕ ኖት ላይ ጊዜ ምወስደው። ደረቅ ክር የሉሩ አፍንጫ ላይ ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ሉሩን እንደ ልጓም ይይዘዋል፣ ግራ ቀኝ መወዛወዙ ይቀንሳል፣ ወይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ቋጠሮው ከአይኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ክፍት ቀለበት ከተወለት ግን ሉሩ እንደፈለገ ይዋኛል። የራፓላ ሉሮችን ሚሰራው ካምፓኒ ራሱ ሉፕ ሚተው ቋጠሮ ነው ሚመክረው፣ ሰውየው ላውሪ ራፓላ በ1936 ፊንላንድ ውስጥ ከቡሽ ቀርፆ የመጀመሪያውን ሲሰራ ሀሳቡ ሁሉ የቆሰለች ትንሽ አሳ አካሄድ ላይ ነበር፣ ያን አካሄድ በቋጠሮ መግደል ያሳዝናል።

እኔ ማስረው ነን ስሊፕ ሉፕ ሚባለውን ነው፣ በብዛት ያስተዋወቀው የዚሁ የሜሪላንድ ሰው ሌፍቲ ክሬ ነው፣ ፍሬድሪክ ተወልዶ በ2018 ያረፈው። አሰራሩ እንዲ ነው፦ ከክሩ ጫፍ አንድ ስንዝር ገደማ ገባ ብላችሁ ተራ ቋጠሮ ትቋጥራላችሁ ግን አታጠብቁትም። ጫፉን በሉሩ አይን ታሳልፋላችሁ፣ ከዛ ወደዛ ወዳልጠበቀው ቋጠሮ ትመልሱታላችሁ፣ በወጣበት በኩል መልሶ መግባት አለበት፣ እዚ ጋር ነው ብዙ ሰው ሚሳተው። አሁን ቋጠሮውን ወደ ሉሩ ጠጋ አድርጋችሁ የቀለበቱን መጠን ትወስናላችሁ፣ ትንሽ ጣት ጥፍር ምታህል ትበቃለች። ቀጥሎ ጫፉን ዋናው ክር ላይ ትጠመዝዙና እንደገና በዛው ቋጠሮ ውስጥ በዛው በኩል ትመልሱታላችሁ። የዙሩ ብዛት እንደ ክሩ ነው፣ እስከ 8 ፓውንድ ሰባት ዙር፣ እስከ 12 አምስት፣ ከ15 እስከ 40 አራት፣ 50ና 60 ላይ ሶስት። ክሩ በወፈረ ቁጥር ዙር ይቀንሳል፣ ካልሆነ አይጠብቅም። አርባ ምንጭ ጫሞ ላይ ነጭ አሳ በትልልቅ ሉር ለምታጠምዱ ይሄ ቋጠሮ ከኔ ይልቅ ለናንተ ነው ሚያስፈልገው፣ ወፍራም ሊደር ሉሩን ይበልጥ ስለሚይዘው።

ከመጥበቁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ይሄን ሚዘሉ ሰዎች አያለሁ፣ እባካችሁ አትዝለሉት፣ ያልረጠበ ክር በክር ላይ ሲፋተግ ይግላል፣ ፍሎሮ ደሞ ሙቀት ይጎዳዋል፣ የተጠቀለለ ፀጉር መስሎ ከታያችሁ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። መጀመሪያ ጫፉን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከዛ ዋናውን ክርና ሉሩን። በአንዴ ምንጭቅ አታድርጉት።

ሁሉም ሉር ግን ሉፕ አይፈልግም። አፍንጫው ላይ ስፕሊት ሪንግ (እንደ ቁልፍ መያዣ ያለ ትንሽ የሽቦ ቀለበት) ይዞ ሚመጣ ከሆነ ቀለበቱ አለው፣ እዛ ላይ ፓሎማር ወይ ዩኒ ሚባለውን ጥብቅ ቋጠሮ እሰሩ፣ ብቻ ክሩ የሪንጉ መክፈቻ ጋር እንዳይቀመጥ እዩት፣ የሽቦው ጫፍ ይቆርጣል። ጂግ ላይም ጥብቅ ያለ ቋጠሮ እመርጣለሁ፣ ታች ሲነካ እጄ ላይ በደንብ ይሰማኛል። ውሀ ላይ ሚሄዱት ቶፕወተሮች ላይም ሉፕ ኖቱን ነው ማስረው ግን ሊደሩን ወደ ናይለን እቀይራለሁ፣ ፍሎሮ ስለሚሰምጥ አፍንጫቸውን ወደ ታች ይጎትተዋል።

ለስኔክሄድ (ከእስያ የመጣ ወራሪ አሳ ነው) ደሞ ሊደር ጨርሶ አልጠቀምም። ይሄ አሳ በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ ያን ሁሉ ጫጫታ ያስነሳው ነው፣ በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ፣ አሁን ሳር ባለበት ሁሉ አለ። እንቁራሪት ሉር ሳሩ ላይ ስትጎትቱ ሌላ ሪል ላይ 50 ፓውንድ ብሬድ በቀጥታ በፓሎማር፣ ሌላ ምንም። ፓሎማር ቀላል ነው፣ ክሩን አጥፋችሁ እጥፉን በአይኑ ታሳልፉና ተራ ቋጠሮ ትቋጥራላችሁ፣ ከዛ ሉሩ በሙሉ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ችግሩ እዚ ጋር ነው፣ ሶስት ጥርስ መንጠቆ ሁለት ቦታ ያለው ረጅም ሉር በዛ ቀለበት ማሳለፍ እጅ ያደማል፣ ክርም ይጨርሳል።

ስለ ስናፕ (ክሩ ጫፍ ላይ ሚታሰር፣ ሉር ሚሰካበት ትንሽ የሽቦ መቆለፊያ) ለሚጠይቁ፣ ማታ ላይ ወይ እጅ በብርድ ሲደነዝዝ ሉር ቶሎ ለመቀየር ጥሩ ነው፣ ክራንክቤይት ላይ አያስጠላም። ትንንሽ ሉር ላይ ግን ክብደቱ ይታያል፣ ሳርም ይሰበስባል።

ብሬዱንና ሊደሩን ማገናኘት ላይ ኤፍ ጂ ሚባለውን ቋጠሮ ነው ምጠቀመው፣ ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ ቀለበቶች ሳይነካካ ያልፋል። ወንዝ ዳር ላይ ከተበጠሰ ዳብል ዩኒ አስሬ እቀጥላለሁ፣ ትንሽ ይነካካል ግን ይይዛል።

ሊደሩ ራሱ እስካሁን ጥሩ ነው፣ መልሼ እገዛዋለሁ። አንድ ምጠላው ነገር ጥቅሉ ላይ ሲቆይ ቅርፁን ይይዛል፣ ከመታሰሩ በፊት በሁለት እጅ ወጠር ማድረግ ግድ ነው። ድንጋይ ከነካ በኋላ የመጨረሻውን ግማሽ ሜትር በጣታችሁ ዳብሱት፣ ሻካራ ከሆነ እዛ ጋር ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ፣ የቆረጣችሁትን ቁራጭ ደሞ ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ዳር ላይ ያሉት ወፎች እግር ላይ ነው ሚጠመጠመው። ለሚቀጥለው ሚያዝያ ሻድ ሚባለው አሳ ወንዙን ሲወጣ 6 ፓውንድ እገዛለሁ፣ ሻድ ዳርት ሚባሉትን ትንንሽ ሉሮች በሰባት ዙር ሉፕ ልሞክራቸው ነው፣ 12ቱ ለነሱ ይወፍራል።